ጆሯችንን ማን አሳመነው? ፊልም ላይ የምንሰማው ድምፅ እንዴት እንደሚሠራ

አንድ የፊልም ትዕይንት በዐይነ ኅሊናችሁ ሳሉ። ምሽት ነው፤ ዝናብ ይዘንባል። አንዲት ሴት ጠጠር መንገድ ላይ ፈጠን ፈጠን እያለች ትመጣለች። የቆርቆሮ በር ከፍታ ትገባለች። ከውስጥ አንድ ልጅ «አባዬ መጣ?» ብሎ ይጠይቃታል። እሷም «ገና ነው» ትለዋለች። ሃያ ሰከንድ የማይሞላ ነገር ነው።

እስቲ ጥያቄ፦ ዝናቡ፣ የጠጠሩ ኮሽታ፣ የበሩ ሲጢጥታ፣ የሁለቱ ንግግር... ከእነዚህ ውስጥ ካሜራው ሲቀርጽ የተቀዱት ስንቶቹ ናቸው? መልሱ «ምናልባት አንድም» ሊሆን ይችላል። ዝናቡ ሌላ ቀን፣ ሌላ ሰፈር የተቀዳ ሊሆን ይችላል። እርምጃውን ስቱዲዮ ውስጥ ሌላ ሰው ረግጦት ይሆናል። ንግግሩም ቢሆን ከሳምንታት በኋላ እንደገና የተነገረ ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ አንድ ላይ ሲሰማ እውነት ይመስላል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ቀረጻው ካለቀ በኋላ፣ ፖስት ፕሮዳክሽን በሚባለው ደረጃ ነው። ዛሬ ከጀርባው ያለውን ፊዚክስና ምህንድስና አብረን እናያለን። መጨረሻ ላይ ደግሞ ከፊልም ውጭም የሚያሳስበንን ጥያቄ እናነሳለን፦ ድምፅ እንዲህ የሚቆረጥና የሚገጣጠም ከሆነ፣ ስልካችን ላይ የምንሰማውን የሰው ንግግር ምን ያህል እንመነው?

ካሜራው ሩቅ፣ ማይኩ ቅርብ

አራት ሜትር ርቃችሁ ጓደኛችሁን በስልክ ቪዲዮ ስትቀርጹ ምስሉ ያምራል፤ ድምፁ ግን ከጉድጓድ የወጣ ይመስላል። ይሄ የስልኩ ጥፋት አይደለም። ድምፅ ከምንጩ ሲወጣ በሁሉም አቅጣጫ እየተበተነ ይሄዳል። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር መጠኑ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል።

አንዱን ማይክ ከአፍ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ሌላውን 4 ሜትር ላይ እናስቀምጥ። ከ50 ሳንቲ ሜትር ወደ 1 ሜትር፣ ከ1 ወደ 2፣ ከ2 ወደ 4፤ ርቀቱ ሦስት ጊዜ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ የሩቁ ማይክ ንግግሩን የሚያገኘው በ18 ዴሲቤል ቀንሶ ነው፤ በድምፅ ግፊት ሲሰላ አንድ ስምንተኛ ብቻ። የግድግዳው ማስተጋባትና ከውጭ የሚገባው የመኪና ጫጫታ ግን ለሁለቱም ማይኮች ያው ነው፤ አብሮ አልቀነሰም። በኋላ ኮምፒውተር ላይ ድምፁን ብንጨምረው ጫጫታውም እኩል ይጨምራል። ችግሩ የድምፁ ማነስ ሳይሆን ንግግሩ ከጫጫታው ጋር ያለው ልዩነት መጥበቡ ነው።

ለዚህ ነው በፊልም ቀረጻ ላይ አንድ ሰው ረጅም ዘንግ ላይ የታሰረ ማይክ ከተዋንያኑ ራስ በላይ ይዞ ሲቆም የምታዩት። አንዳንዴም ትንሽ ማይክ ልብስ ውስጥ ይደበቃል። ድምፁ የሚቀዳበት መሣሪያም ብዙ ጊዜ ከካሜራው የተለየ ነው። ይሄ አንዱን ችግር ፈትቶ ሌላ ይወልዳል፦ ምስሉ አንድ ማሽን ላይ፣ ድምፁ ሌላ ማሽን ላይ ተቀመጠ። እንዴት ይገናኙ?

«ቀጭ!» የምትለዋ ሰሌዳ

ከቀረጻ በፊት ካሜራው ፊት ተይዛ ቀጭ የምትደረገውን ሰሌዳ ሳታውቋት አትቀሩም። ለጌጥ አይደለችም። ሁለቱ እንጨቶች የተጋጠሙበት ቅጽበት ምስሉ ላይ በዐይን ይታያል፤ ድምፁ ላይ ደግሞ እንደ መርፌ የሾለ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ኤዲተሩ ሁለቱን ቦታዎች ፈልጎ አንዱን ከሌላው ጋር ያገጣጥማል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይገጥማል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያምር ቁጥር አለ። ሲኒማ በሰከንድ 24 ምስል ያሳያል፤ እያንዳንዱ ምስል ፍሬም ይባላል። አንድ ፍሬም 42 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይቆያል። ለፊልም የሚቀዳ ድምፅ ደግሞ በአብዛኛው በሰከንድ 48,000 ጊዜ ይለካል። 48,000ን ለ24 ስናካፍለው 2,000 እናገኛለን። አንድ ምስል በሚታይበት ጊዜ ውስጥ ድምፁ 2,000 ጊዜ ተለክቷል ማለት ነው። ስለዚህ ምስል ሲቆረጥ ትንሹ እርምጃ አንድ ፍሬም ሲሆን፣ ድምፅ ግን የፍሬም ሁለት ሺኛ ድረስ ወርዶ መቆረጥ ይችላል።

ታዲያ አንዴ ከገጠመ ሁልጊዜ ይገጥማል? አጭር ቅንጣቢ ከሆነ አዎ። የአንድ ሰዓት ሠርግ ወይም ኮንሰርት ሳታቋርጡ ከቀረጻችሁ ግን መጀመሪያ ላይ የገጠመው ከንፈር መጨረሻ ላይ ሊያፈነግጥ ይችላል። ምክንያቱ ሰዓት ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ ጊዜን የሚቆጥረው በራሱ የኳርትዝ ክሪስታል ነው፤ ሁለት ክሪስታሎች ደግሞ ፈጽሞ እኩል አይሄዱም። ለምሳሌ በሁለቱ መካከል ከሚሊዮን 20 ልዩነት ቢኖር፣ በአንድ ሰዓት (3,600 ሰከንድ) ውስጥ 72 ሚሊ ሰከንድ ይጠራቀማል። ወደ ሁለት ፍሬም ተጠጋ ማለት ነው። በሙያው መሣሪያዎች ላይ ይህን ለመከላከል ካሜራውና የድምፅ መቅጃው አንድ የጋራ የሰዓት ምልክት እንዲቀበሉ ይደረጋል።

አንጎል የሚታገሠውና የማይታገሠው

«ሁለት ፍሬም ምን ያህል ነው? ማን ያስተውለዋል?» ትሉ ይሆናል። አቅጣጫው ይወስነዋል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለቴሌቪዥን ሥርጭት ባወጣው ምክረ ሐሳብ መሠረት፣ ድምፁ ከምስሉ በ45 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ከቀደመ ተመልካች ማስተዋል ይጀምራል። ድምፁ ከዘገየ ግን እስከ 125 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ድረስ ልብ ሳይል ሊያልፈው ይችላል።

ለምን እኩል አልሆነም? መብረቅና ነጎድጓድን አስቡ። ወይም ማዶ ኮረብታ ላይ እንጨት የሚፈልጥ ሰው፤ መጥረቢያው ሲያርፍ ታያላችሁ፣ «ጧ» የሚለው በኋላ ይደርሳል። በ20 ዲግሪ ሙቀት ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በአንድ ፍሬም ጊዜ ውስጥ 14 ሜትር ብቻ። ብርሃን ግን ወዲያው ደርሷል። በተፈጥሮ ድምፅ ከምስል ይዘገያል እንጂ ቀድሞ አያውቅም። አንጎላችን መዘግየትን የለመደው ከዚህ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም፤ መቅደምን ግን «ይሄ ነገር ልክ አይደለም» ይለዋል።

አንጎል ዐይንና ጆሮን የሚያስታርቅበት መንገድ ከዚህም በላይ ያስገርማል። እ.ኤ.አ. በ1976 ሃሪ ማክገርክና ጆን ማክዶናልድ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ አሳተሙ። ድምፁ «ባ» ይላል፤ ምስሉ ላይ ያለው ሰው ከንፈር ግን «ጋ» እያለ ነው። ከተመልካቾቹ ብዙዎቹ የሰሙት «ባ»ም «ጋ»ም አልነበረም፤ «ዳ» ብለው ሰሙ። አንጎል ሁለቱን አጣልቶ ከመተው ይልቅ መሀል ላይ ያለ ሦስተኛ ነገር ፈጠረ። በሌላ አነጋገር፣ የምንሰማው በጆሮ ብቻ አይደለም። የፊልም ድምፅ በሙሉ የቆመው በዚህ የአንጎል ጠባይ ላይ ነው።

ዝምታም የራሱ ድምፅ አለው

ወደ ትዕይንታችን እንመለስ። ልጁ ጠየቀ፤ ሴትየዋ ከመመለሷ በፊት ሁለት ሰከንድ ዝም አለች። ኤዲተሩ በዚያ ሁለት ሰከንድ ውስጥ የገባ የመኪና ጡሩምባ ቢያገኝስ? ቆርጦ ባዶ ቢያደርገውስ?

ሞክሩትና ትሰሙታላችሁ፤ የተመልካቹ ጆሮ ወዲያው ይነቃል። ምክንያቱም ምንም ክፍል ፍጹም ዝም አይልም። ማቀዝቀዣ ያጉረመርማል፣ ነፋስ መስኮት ይነካል፣ ከሩቅ መንገድ አለ። ይሄ ሁሉ ድንገት ሲጠፋ ፊልሙ የተቋረጠ ይመስላል። ስለዚህ ቀረጻው ሲያልቅ የድምፅ ባለሙያው ሁሉንም ሰው ባለበት ቀጥ አድርጎ ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ የክፍሉን ዝምታ ይቀዳል። ያ ዝምታ በኋላ ክፍተት መሙያ፣ የቁርጥ መሸፈኛ ይሆናል።

መቁረጡም ዘዴ አለው። የድምፅ ሞገድ ከዜሮ በላይና በታች ይወዛወዛል። ሞገዱ ከፍ ባለበት ቦታ ቆርጠን ከሌላ ድምፅ ጋር ብንለጥፈው ድንገተኛ ዝላይ ይፈጠራል፤ ድምፅ ማጉያው ያንን ዝላይ «ጠቅ» አድርጎ ያሰማል። መፍትሔው ሁለት ነው፦ ሞገዱ ዜሮን በሚያቋርጥበት ነጥብ ላይ መቁረጥ፣ ወይም ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ያህል አንዱን እያደበዘዙ ሌላውን እያስገቡ ማደራረብ።

ጠጠሩን የረገጠው ሌላ ሰው ነው

ማይኩ የተደቀነው ወደ ሴትየዋ አፍ ነው። እግሯ ሩቅ ነው፤ ስለዚህ እርምጃዋ ደክሞ ነው የሚቀዳው። ይህን የሚያሟላው ሙያ ፎሌ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከጃክ ፎሌ (እ.ኤ.አ. 1891–1967) ነው። ፎሌ በዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ይሠራ የነበረው ድምፅ አልባ ፊልም ወደ ድምፃዊ ፊልም በሚሸጋገርበት በ1920ዎቹ መጨረሻ ነበር። እሱና ባልደረቦቹ ፊልሙን እያዩ፣ ከተዋናዩ እግር ጋር እኩል እየረገጡ ድምፁን መቅዳት ጀመሩ። ዛሬም አሠራሩ ከዚህ ብዙ አልራቀም። ሳጥን ውስጥ ጠጠር አለ፣ አሸዋ አለ፣ ሳንቃ አለ፤ ጫማ በየዓይነቱ ተደርድሯል።

የሚገርመው፣ እውነተኛው ነገር ብዙ ጊዜ እውነት አይመስልም። በረዶ ላይ መራመድን ለማሰማት የበቆሎ ስታርች የሞላ ከረጢት ይጨመቃል። የፈረስ ኮቴ ለሁለት የተከፈለ የኮኮናት ቅርፊት ነው። የወፍ ክንፍ የቆዳ ጓንት ሲርገበገብ ነው። የሚሰበር አጥንት ሴለሪ የተባለው አትክልት ሲቆረጥ ነው። ለምን ይሠራል? አንጎል ድምፅን የሚለየው በምንጩ ሳይሆን በቅርጹ ስለሆነ ነው፦ እንዴት ጀመረ፣ ምን ያህል ቆየ፣ የትኞቹ ድግግሞሾች በረቱበት። የስታርቹ ቅንጣቶች እርስ በርስ ሲፋተጉ የሚሰጡት ቅርጽ ከበረዶው ጋር ተቀራራቢ ነው፤ የቀረውን ዐይን ይሞላዋል።

ጭራሽ የሌለ ነገርም ድምፅ ይፈልጋል። ለ«ስታር ዋርስ» (እ.ኤ.አ. 1977) የድምፅ ባለሙያው ቤን በርት የጠፈር ተዋጊ መርከብን ድምፅ የሠራው የዝሆን ጩኸትንና እርጥብ አስፋልት ላይ የሚያልፍ መኪናን አዋህዶ ነው። የጨረር መሣሪያውን ተኩስ ያገኘው ደግሞ የአንቴና ማማ የተወጠረበትን ሽቦ በመምታት ነው።

የንግግርና የሌላው ድምፅ ተለያይቶ መቀመጥ ሌላም ጥቅም አለው። ፊልም ለሌላ ቋንቋ ሲዘጋጅ ንግግሩ ብቻ ይወጣና ሙዚቃው፣ እርምጃው፣ የበሩ ድምፅ ባለበት ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሥርጭት የጀመረው ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ሲያቀርብ ብዙዎቻችን «ከንፈሩና ቃሉ አይገጥምም» ብለን ነበር፤ ከጥቂት ክፍሎች በኋላ ግን ረሳነው። ያ የማክገርክ አንጎል ሥራውን እየሠራ ነው።

መጨረሻ ላይ ሁሉም ይዋሃዳል። እዚህ ዋናው ጠላት መሸፋፈን ነው፦ ጠንከር ያለ ድምፅ በተቀራራቢ ድግግሞሽ ላይ ያለውን ደካማ ድምፅ ይውጠዋል። የንግግርን ግልጽነት በተለይ የሚሸከሙት ከ1,000 እስከ 4,000 ኸርዝ ያሉት ድግግሞሾች ናቸው። ስለዚህ ተዋናይዋ ስትናገር ሙዚቃው በዚያ ክልል ላይ ዝቅ ይደረጋል። ጥሩ ሲሠራ ማንም አያስተውለውም።

ድምፁ ቀድሞ ሲገባ

ምስልና ድምፅ አንድ ቦታ ላይ መቆረጥ የለባቸውም። ሴትየዋ ገና መንገድ ላይ እያለች የልጁን ድምፅ ከቤት ውስጥ ብንሰማ፣ ሳናየው ወደ ቤቱ ተስበን እንገባለን። ይህ ጄ-ካት ይባላል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ድምፁ ከምስሉ በታች ወደ ግራ ወጣ ስለሚል የእንግሊዝኛዋን ጄ ፊደል ይመስላል። ድምፁ ከምስሉ በኋላ ሲቀጥል ደግሞ ኤል-ካት ነው።

ምስልንና ድምፅን አንድ ላይ በማሰብ ከሚታወቁት አንዱ ዋልተር መርች ነው። «አፖካሊፕስ ናው» (እ.ኤ.አ. 1979) ሲሠራ የተቀረጸው ከ230 ሰዓት በላይ ነበር፤ ለአንድ የመጨረሻ ደቂቃ 95 ደቂቃ ያህል ተቀርጿል። የፊልሙ መክፈቻ ላይ የሄሊኮፕተር ክንፍና የሆቴል ክፍል ጣሪያ ላይ የሚሽከረከር ማራገቢያ ይዋሃዳሉ፤ ሰውየው አልጋ ላይ ተኝቶ አእምሮው ጦርነቱ ውስጥ እንዳለ ማንም ሳይነግረን ይገባናል።

«ገና ነው»፦ መቀስ ቃልን ሲቀይር

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ። የአማርኛ ፊደል የማያሳየው አንድ ነገር አለ፤ መጥበቅና መላላት። «ገና» ላልቶ ሲነገር «ጊዜው አልደረሰም» ነው። ጠብቆ ሲነገር በዓሉ ነው። ልዩነቱ «ነ»ን ስንል ምላሳችን ላንቃችን ላይ የሚቆይበት ጊዜ ነው፤ የሰከንድ ጥቂት መቶኛዎች። «ነ» ደግሞ በአፍንጫ በኩል ሳይቋረጥ የሚወጣ፣ ራሱን የሚደጋግም ሞገድ ነው። ከመሀሉ ትንሽ ቆርጦ ማውጣት የጠበቀውን ሊያላላው ይችላል፤ ቁርጡም አይሰማም። እንደ «ጠ» እና «ቀ» ያሉት ላይ ደግሞ የጠበቀው ከላላው የሚለየው በዋናነት ከመፈንዳቱ በፊት ባለችው አጭር ዝምታ ነው። ዝምታዎችን በራሱ እየፈለገ የሚቆርጥ ሶፍትዌር በጣም ጥብቅ አድርጋችሁ ብታዘጋጁት እሷንም ሊበላ ይችላል። የአማርኛ ንግግር የሚቆርጥ ሰው ሞገዱን ማየት ብቻ አይበቃውም፤ ማዳመጥ አለበት።

ከቃል ወደ ዓረፍተ ነገር ስንሄድ ነገሩ ይከብዳል። በቋንቋችን ማሰሪያው መጨረሻ ላይ ነው። አንድ መምህር «የዛሬ ተማሪ ሰነፍ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም» አለ እንበል። «ነው» ላይ ስትቆርጡት «የዛሬ ተማሪ ሰነፍ ነው» ብሎ የተናገረ ሰው አገኛችሁ። ድምፁ የራሱ ነው፤ ቃላቱ የራሱ ናቸው፤ ሐሳቡ ግን ተቃራኒው ነው። ምስሉ ላይ ያለውን ዝላይ ለመሸፈን ቁርጡ ጋ ሲደርስ የአድማጭ ፊት ወይም አዳራሹን ማሳየት ይበቃል። የክፍሉን ዝምታ ከሥር ስታነጥፉበት ደግሞ ጆሮም አይጠረጥርም። ፊልምን የሚያምር የሚያደርገው ዘዴና ሰውን ያላለውን የሚያሰኘው ዘዴ አንድ ነው።

ይህን የሚያጋልጥ አንድ የኤሌክትሪክ ሰዎች የምንወደው ዘዴ አለ። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መስመር 50 ኸርዝ ነው፤ ማቀዝቀዣና ትራንስፎርመር «እምምም» የሚሉት ከዚሁ የተነሣ ነው። ይህ ቁጥር ግን ፍጹም 50 ሆኖ አይቆይም፤ የኃይል ፍላጎት ሲጨምርና ሲቀንስ ትንሽ ትንሽ ይዋዥቃል፤ መዋዠቁም በአንድ መረብ ላይ ባሉ ቦታዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። እምምታው ሳናስተውለው በብዙ ቅጂዎች ውስጥ ይገባል፤ ልክ እንደ ድብቅ ሰዓት። ቅጂው መሀሉ ላይ ከተቆረጠ የእምምታው ሞገድ ድንገት ይዘላል። በአንዳንድ አገሮች የወንጀል ምርመራ ባለሙያዎች የመስመሩን መዋዠቅ እየመዘገቡ ያስቀምጣሉ፤ አጠራጣሪ ቅጂ ሲመጣ መቼ እንደተቀዳና መቆረጥ አለመቆረጡን ያመሳክሩበታል።

እኛ ስልካችን ላይ ይህን መሣሪያ አንይዝም። ጥያቄ ግን መያዝ እንችላለን። ተናጋሪው ዓረፍተ ነገሩን ጨረሰ ወይስ ቃሉ አየር ላይ ቀረ? ወሳኙ ቃል ሲነገር ፊቱን እያየን ነበር ወይስ ሌላ ምስል ገባ? ከሥር ያለው የክፍሉ ድምፅ ድንገት ተቀየረ? ሙሉው ቅጂ የት አለ?

ራሳችሁ ሞክሩት

ሁለት ስልክና አንድ ነፃ የኤዲቲንግ መተግበሪያ ይበቃችኋል። አንዱ ስልክ አራት ሜትር ርቆ ቪዲዮ ይቅረጽ። ሌላው ከተናጋሪው ደረት አጠገብ ተደብቆ ድምፅ ብቻ ይቅዳ። ሁለቱም ከጀመሩ በኋላ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ፤ ሰሌዳችሁ እሱ ነው። ተናጋሪው «ገና ነው» ይበል፤ አንዴ አላልቶ፣ አንዴ አጥብቆ። መጨረሻ ላይ ሁላችሁም ዝም ብላችሁ 30 ሰከንድ የክፍሉን ድምፅ ቅዱ።

ከዚያ ጭብጨባውን አገጣጥሙና የቅርቡን ድምፅ በሩቁ ፈንታ አስገቡ። ልዩነቱን ስሙ። ድምፁን መጀመሪያ በሁለት ፍሬም አስቀድሙት፣ ቀጥሎ በሁለት ፍሬም አዘግዩት፤ የትኛው ይበልጥ እንደሚያስጠላ ተመልከቱ። በመጨረሻ የጠበቀውን «ነ» አጉልታችሁ እዩና ከመሀሉ ጥቂት ቁረጡ። የሰራችሁትን ላልነገራችሁት ሰው አሰሙትና «ምን ሰማህ?» ብላችሁ ጠይቁት። «ገና ነው» ብሎ ቢመልስላችሁ፣ የትኛውን «ገና» እንደሰማ መጠየቅ እንዳትረሱ።